አረም እኔ ማሳ

ሐምሌ 26 ቀን 2008፣ ማክሰኞ፤ ሞጣ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ። የክረምት ትምህርት ከሚማሩት ልጆች ግማሾቹ አልመጡም። የመጡትም ስልካቸውን ከደብተር ሥር ደብቀው የጎንደሩን ሰልፍ ያያሉ። አንዱን ልቀጣ ብዬ ስልኩን ነጠቅሁና እኔው ራሴ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ሰው! መንገዱ አይታይም፣ አስፋልቱ አይታይም፣ ሰው ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ የጠራ ነጋሪት የለም፣ ደወል የለም። የጠራው ከኪስ የሚገባ ዕቃ ነው። አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ለዚህ የሚሆን ቃል አጣሁ፤ ያውም ልጆቹ ፊት።

ማታ ለአከራዬ ለእትዬ ዘሚራ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሞጣ ገበያ ጨርቅ የነገዱ ሴት ናቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቆዩና "ወላሂ፣ ይኸን ሁሉ ሰው ማታ ማን ያበላዋል?" አሉ።

ቀጥሎ እንዳለው፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከቢቸና ደወለ። እዚያ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ፌስቡክ ላይም "ቢቸናና አካባቢዋ" የሚል ገጽ አለው። የጠፋ በሬ፣ የሠርግ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የጤፍ ዋጋ ይለጥፍበታል። "ሰው ሁሉ ስለ ጎንደር ጻፍ እያለ ኢንቦክሴን ሞላው፤ ምን ልበል እትዬ?" አለኝ። "አንተ የጠፋ በሬህን ፈልግ" አልኩት። ሥራን በእሳቱ ሰ ይጻፍ በንጉሡ ሠ የማያውቅ ልጅ ፖለቲካ ሊጽፍ!

ነሐሴ 3 ቀን

ዳታ የለም። ከባሕር ዳር የመጣ ሾፌር መናኸሪያ ላይ የሞቱትን ሰዎች ሲያወራ ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ እኛም ዝቅ ብለን ሰማነው። ጾሙም ገብቷል። እራት ሳልበላ ልተኛ ነው።

ነሐሴ 18 ቀን፣ ረቡዕ

ዳታ ተመልሷል። የአክስታችን የይርጋነሽ ባል እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፤ የጤፍ ማሳዋን ሙጃ ወርሶታል። እንዳለው ደቦ ሊጠራላት ገጹ ላይ "የአረም ደቦ ስላለ ሐሙስ ነሐሴ 26 እንድትተባበሩን በትሕትና እንጠይቃለን" ብሎ ለጥፏል። ሁለት ላይክ አገኘ፤ አንዱ የእኔ ነው።

"የቀበሌ ስብሰባ አስመሰልከው እኮ" ብዬ ደወልኩለት። አባታችን ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲያስተምር የኖረ መሪጌታ ነው፤ ለእኔ ጆሮውን አወረሰኝ፣ ለእንዳለው ጠባዩን ብቻ ሰጠው። እዚያው ስልክ ላይ ሁለት መስመር ቋጥሬ አስጻፍኩት፦

ኑ በደቦ ውጡ ሐሙስ ነው ቀጠሮ፣
አረም በኔ ማሳ ሥሩን ተክሎ ኖሮ።

ሐሙስ የተባለው በዓል ስለሌለበት ነው። ማክሰኞ ተክለ ሃይማኖት፣ ዓርብ መድኃኔዓለም ነው። ይኸን እዚህ የምጽፈው እንዲያው ነው።

ከተኛሁ በኋላ "በኔ ማሳ" የምትለዋ ከበደችኝ፤ ምላስ ትይዛለች። ተነሥቼ መልሼ ደወልኩ። "በ'ን ጣላትና 'እኔ ማሳ' በለው።"

"ምን ለውጥ አለው?"

"ለጆሮ ነው።"

ኤዲት አደረገው። "እኔ ቤት ና" እንደምንለው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ለጆሮ ነው።

ነሐሴ 20 ቀን፣ ዓርብ

በረረ!

ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ሲሉት ሰማሁ። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበውና ሌላው "ድገመው፣ ድገመው! ሳታቆም ድገመው!" አለው። ሳያቆም ደገመው። ሳያቆሙ ሲያነቡት "አረም እኔ" አንድ ቃል ይሆናል፤ አረመኔ። "አረመኔ ማሳ ሥሩን ተክሎ ኖሮ!" ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት፤ ብርጭቆው ዘለለ።

ይሆናል እንግዲህ፤ ምን ላድርግ? ፊደል ጎረቤቱን አይመርጥም።

ሼር ያደረገው ሰው ብዛት! ከሰዓት ሳየው አንድ ነበር፤ ማታ ሳየው ሌላ ነው። የማየው ለመረጃ ያህል ነው። ብዙዎቹ ግን "ስሩን" ብለው ነው የሚጽፉት። እንዲህ ያለ ነገር ስታካፍሉ ቢያንስ ፊደሉን አትግደሉት።

ነሐሴ 22 ቀን፣ እሑድ

ወርቅ ፍለጋው ገደብ አጣ። አንዱ "ሐሙስ በግዕዝ አምስተኛ ነው፣ ስለዚህ አምስት ክፍለ ሀገር ማለት ነው" ብሎ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ከውጭ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን ላይ ከረባት ያሰረ ሰው "ደቦ ማለት ኅብረት ነው፣ ውጡ ማለት ውጡ ነው" ብሎ ተረጎመው፤ አዳሜም አጨበጨበ። የጎጃም ሰው እንኳን ደቦ ተጠርቶ፣ "ውሃ ስጡኝ" ቢባል ወርቁን ሳይፈልግ አይጠጣም።

አፌን ይዤ ነው የማነበው። ከዚህ ከቆርቆሮ ቤቴ፣ በፒጃማ ሆኜ ያልኩት ነገር የማላውቀው አገር ደርሶ በማላውቀው ሰው አፍ ይመለሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ አፋፉ ግን እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘሚራ ከገበያ ይዘውት መጡ። "ይኸ ግጥም የሴት ነው" አሉ ጨርቃቸውን እያጠፉ።

"በምን አወቁ?"

"እኔ እንጃ። ጓዳ ጓዳ ይሸተኛል።" ዓይናቸውን ከጨርቁ አላነሡም።

እንዳለው ፈርቶ ደወለ፤ "ላጥፋው ይሆን?" አለኝ። አሁን ማጥፋት ጥፋት ያስመስላል አልኩት። እውነቴን ነው። ደግሞም የአክስቴ ማሳ መታረም አለበት።

ነሐሴ 25 ቀን

ከሞጣ ወደ ቢቸና፣ ሚኒባስ ውስጥ። ግንደወይን ላይ ሦስት ልጆች ተሳፈሩ። "የት ናችሁ?" አላቸው ረዳቱ። "ደቦ" አሉት። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ነሐሴ 26 ቀን፣ ሐሙስ፤ ቢቸና፣ አክስቴ ቤት

ዛሬ ያየሁትን በትክክል መጻፍ እፈልጋለሁ።

አክስቴ ይርጋነሽ ጠላና ንፍሮ ያዘጋጀችው ለሃያ ሰው ነበር። ጎሕ ሲቀድ ስንወጣ ከመንገዱ እስከ ማሳው ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ጋቢ የለበሰ፣ ጃኬት የለበሰ፣ ቄስ፣ ተማሪ፣ ባለሱቅ። ከመንገዱ ማዶ የፖሊስ መኪኖች ቆመዋል፤ ከኋላቸውም ሌላ ዓይነት ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች አሉ። ሰው ቆሟል፣ መሣሪያ ቆሟል፣ ማንም አይናገርም። የመጣው ሕዝብ የሚጠብቀው መፈክር ነው፤ ታጣቂው የሚጠብቀውም እሱኑ ነው። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢወረውር ያ ሜዳ ምን እንደሚሆን ገባኝ። የጠራኋቸውም... የጠራቸውም ያ ሁለት መስመር ነው።

አክስቴ ናት ዝምታውን የሰበረችው። በትሯን ይዛ እየሮጠች "እናንተ! ጤፌን ረገጣችሁት! ለማረም ነው የመጣችሁ ለማቡካት?" ብላ ጮኸች። የፊተኞቹ ደንግጠው ወደ ኋላ ዘለሉ። አንድ ሽማግሌ "የቱ ጋር እንጀምር እመቤቴ?" አሉ። "ከዳር ነው እንጂ! አረም ከመሐል ይጀመራል?" አለች።

ጎንበስ አሉ። ከዳር ዳር ተሰልፈው፣ ያ ሁሉ ሰው፣ የባንክ ሠራተኛው ከነሸሚዙ ጭቃ ላይ ተንበረከከ። ሙጃውን እየነቀሉ ከኋላቸው ይጥላሉ። ከዚያ ከመሐል አንድ ድምፅ አወጣው፦ ኑ በደቦ ውጡ፣ ሐሙስ ነው ቀጠሮ! ሕዝቡ ተቀበለው። ሲዘፈን ደግሞ በ"አረም" እና በ"እኔ" መካከል ሰማይ የሚያህል ክፍተት ቢኖር እንኳ ይዘጋል። ማሳው ጮኸ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ዳግም የማይ አይመስለኝም።

ፖሊሶቹ ምን ይከልክሉ? ሰው አረም ነቀለ ተብሎ አይተኮስበትም። አንዱ መኮንን ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። የግጥሙን ቀለም እየቆጠረ ነበር፤ ስድስት፣ ስድስት።

የአክስቴ ማሳ ፀሐይ ሳይሞቅ አለቀ። ወደ ጎረቤቶቿ ማሳ ዘለቁ፣ ከዚያም ወደ ሌላው። ከቀትር በኋላ እዚያ መስክ ላይ ሙጃ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። ጠላው ጠዋት አልቋል፤ ሰዉ ውሃ ጠጥቶ፣ አክስቴን ተሰናብቶ፣ እንደመጣው በዝምታ ሄደ።

ነሐሴ 27 ቀን

እንዳለውን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ወሰዱት። ስልኩንም ወሰዱ። ገጹ የእሱ ነው።

ነሐሴ 30 ቀን

ፍርድ ቤት የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሰጠበት። ቀጠሮ።

ይባስ ብሎ ፌስቡክ ላይ "በቢቸና ደቦ ላይ የተገደለችው እናት" ተብሎ የአክስቴ ፎቶ ወጣ፤ በትሯን ይዛ ስትሮጥ። ከደብረ ወርቅ ዘመዶቻችን እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ራሷ ናት። "ማነው የሞተው?" ብላ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች። እነሱ ሲያቅፏት፣ እሷ "ማነው? ንገሩኝ!" ስትል፣ ነገሩ እስኪጣራ ጎረቤቱ ሁሉ ተላቀሰ። ስቄ ልሞት ነበር። ከዚያ እንዳለው ትዝ አለኝና ሳቄ እዚያው ቆመ። እውነቱን የሚያበርረው ክንፍ ውሸቱንም ያበርረዋል፤ ማሳውን ያሳረመው ይኸው ነው፣ አክስቴን የገደለውም ይኸው ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን

ጣቢያ ለእንዳለው ምግብ ሳቀብል መርማሪውን አገኘሁት፤ ያ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የነበረው መኮንን ነው። ኢንስፔክተር ቢያድግልኝ ይባላል። ድሮ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ነው ፖሊስ የሆነው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

"መምህርት፣ የአማርኛ አስተማሪ ነሽ አሉ።"

"ነኝ።"

"ወንድምሽ ማክሰኞ 'በትሕትና እንጠይቃለን' ብሎ ይጽፋል። ረቡዕ ይኸን ይጽፋል። መጀመሪያ 'በኔ ማሳ' አለ፤ ጥቂት ቆይቶ በ'ን ጣላት። ኤዲት ያደረገው እዚያው ይታያል። እኔ የቸገረኝ ሌላው አይደለም፤ በ'ን የጣላት ሰው ነው። ያ ሰው ያውቅበታል።"

"ለጆሮ ይሆናል" አልኩት።

"ይሆናል" አለና የምግቡን ሳህን ከፍቶ አየ።

ከጣቢያው ስወጣ "ያውቅበታል" ያለው ደጋግሞ ጆሮዬ ላይ መጣ። ወንድሜ ታስሮ እኔ እንዲህ ያለ ነገር መስማቴ... ይቅር ይበለኝ።

መስከረም 1 ቀን 2009

አዲስ ዓመት። አክስቴ ዶሮ አላረደችም። እንዳለውን አላስገቡኝም።

መስከረም 6 ቀን፣ ዓርብ

ዛሬ አየሁት። ከስቷል። በአጥሩ ሥር ቆመን አወራን፤ ፖሊሱ ፊቱን አዞረልን።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ኢንስፔክተሩ 'እንግዲያው አንድ ግጠምልኝ' አለኝ" አለ።

"ምን አልከው?"

"ስልክ ካርድ አለኝ የአምስትና የአሥር፣ ምንም ወንጀል የለኝም እባክህ ልቀቀኝ ከእስር።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። "ቤት መታ እኮ!" አለኝ ተቆጥቶ።

"ኢንስፔክተሩስ?"

"ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ 'ማነው የጻፈልህ?' አለኝ። እስክትናገር አልለቅህም ብሏል። ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው?" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ስሜን አይጠራም። እገሌ ቢል ዛሬ ቤቱ ያድር ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድርሰቱን የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ ደከመኝ ሳልል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ እሱ ለእኔ ይኸን ዝምታ ጻፈልኝ። ልናገር እያልኩ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰዓቱ አለቀ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሞጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለብኝ።

መስከረም 10 ቀን፤ ሞጣ

ትናንት ቀጠሮውን አራዘሙበት። ከጣቢያውም ወሬ አምልጦ ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። "ግጠም ቢሉት አልቻለም፣ በ'ን የጣላትን ሰው ይፈልጋሉ" ይላል። ማታ አንዲት ልጅ "በ'ን የጣልኳት እኔ ነኝ" ብላ ለጠፈች፤ ለማስረጃ የራሷን ሁለት መስመር ጨመረችበት። ከዚያ አንድ መካኒክ ለጠፈ፣ ከዚያ አንድ ዲያቆን። "በ'ን የጣልኳት እኔ ነኝ።" እየወረድኩ እየወረድኩ አነበብኩ፤ ማለቂያ የለውም። ትክክለኛ ስማቸውንና ፎቶአቸውን አውጥተው! አንዳንዶቹ ቤት አይመቱም። አንዳንዶቹ ከእኔ ይበልጣሉ። ለማያውቁት ልጅ!

እኔስ? ላይክ አደረግሁ። ላይክ!

መስከረም 13 ቀን

ዳታ ተዘግቷል፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም የለም። እንግዲህ አበቃለት ብዬ ለእትዬ ዘሚራ ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያው። እሳቸው ምንም አልተገረሙም።

"ሂጂ" አሉኝ፤ "ክፍልሽን ጠብቄ አቆያለሁ። ብትቆዪም ለሌላ አላከራየውም።"

ካሉት ነገር ሁሉ ይኸ ነው ያስፈራኝ።

መስከረም 14 ቀን፣ ቅዳሜ፤ ቢቸና

መንገዱን በሙሉ ማስረጃዬን ስቋጥር መጣሁ። "ቋጠረ" ማሰርም መግጠምም ነው፤ "ፈታ" መልቀቅም መተርጎምም ነው። ጥሩ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ እንደዚህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ጣቢያው በር ስደርስ ሰልፍ አለ። የገበያተኛ ሰልፍ መሰለኝ። ከደብረ ወርቅ፣ ከግንደወይን፣ ከየገጠሩ ነው የመጡት። ስልኩ ሲዘጋ በእግራቸው መጥተዋል! "ምንድን ነው?" አልኩት የመጨረሻውን ሰው። "በ'ን የጣልኳት እኔ ነኝ" አለኝ፤ ከዚያ በትሕትና "አንቺም ነሽ?" አለኝ። ተራዬን ያዝኩ። እውነተኛዋ እኔ ከሰው ኋላ ተሰልፌ! ኔትወርኩን የዘጋው ሰው ይኸን ሰልፍ ቢያይ ምን ይል ይሆን? አንገቴን ቀና አድርጌ የሰልፉን ጫፍ ለማየት ሞከርኩ፤ አልታየኝም።

በሩ ክፍት ስለነበር ውስጥ የሚባለው ይሰማል። ኢንስፔክተር ቢያድግልኝ እያንዳንዱን አስቀምጦ ያዳምጣል፤ "ሁለተኛው መስመር ይጎድላል"፣ "ይህቺ ትሻላለች፣ ግን አንተ አይደለህም"፣ "ቀጣይ።" አንድ የገጠር ሽማግሌ ገቡ። "አባቴ፣ ግጥምዎን" አላቸው። "እኔ መግጠም አልችልም ጌታዬ። በ'ን ግን የጣልኳት እኔ ነኝ፤ ከእጄ ወደቀች" አሉ። ውጪ ያለው ሰው ሳቀ። ውስጥ ግን ማንም ሲስቅ አልሰማሁም።

ተራዬ ደረሰ። ቆሜ ነገርኩት። "ወንድሜ ስልክ ላይ የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው። በ'ን የጣልኳት እኔ ነኝ። ለጆሮ ብዬ ነው።"

"ለጆሮ።"

"አዎ፣ ለጆሮ።"

"ማስረጃሽ?"

አልኩት፦

የቋጠርኩ እኔ ነኝ ይታወቅ ነገሩ፣
ያን ልጅ ፍቱት አሁን እንዲለይ ምስጢሩ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ራሱን ነቀነቀ። "ወርቁ ከሰሙ ላይ ተንሳፍፏል መምህርት። የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው ወርቁን እንዲህ አደባባይ አያሰጣም። አንቺ አይደለሽም።"

"ነኝ እላለሁ!"

"አይደለሽም። ቀጣይ!"

ደሜ ፈላ። እውነቴን ይዤ ገብቼ በደካማ ግጥም ተባረርኩ! ይኸ ቅኔውን ጨርሶ ያልተማረ ሰው! አክስቴ ቤት እስክደርስ በንዴት ሳለቅስ መጣሁ። "ተንሳፍፏል" አይባልም ነበር፤ ፍቱት የምትለዋ ደኅና ተሸፍናለች።

መስከረም 16 ቀን፣ የደመራ ዕለት

እንዳለው ተፈታ።

አክስቴ ናት እየጮኸች የጠራችኝ። ሮጬ ስወጣ ጫማውን በእጁ ይዞ በመንገዱ ይመጣል። እግሩ አብጦ ነበር። አቀፍኩት፤ እሱ ያወራል፣ አያቆምም። መዝገቡ ላይ "ደራሲው ሊታወቅ አልቻለም" ተብሎ ተጽፎ በዋስ ለቀቁት።

"ኢንስፔክተሩ ራሱ ነው እስከ በሩ የሸኘኝ" አለኝ። "ከዚያ ዙሪያውን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።"

"ምን አለህ?"

"'የፊተኛው ይበልጥ ነበር ብለህ ለእህትህ ንገራት' አለኝ።"

እንዳለው እየሳቀ ነበር። እኔ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።